ስለ ባሕር መንገደኛና ስለ ቤተ ሰቡ

የአዋሽ ወንዝ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና በአፋምቦ በኩል አልፎ በአቤ ሐይቅ ይቀራል እንጂ ከባሕር አይደርስም። ወንዙ ካልደረሰበት የሚደርሱ የአገራችን ልጆች ግን አሉ። በባሕር ዳር የመርከብ ሥራ ተምረው በውቅያኖስ ከሚያገለግሉት አንዱ የወንድማችን ልጅ ነው።

የመርከብ ኑሮ በሥርዐት የታሰረ ነው። መርከበኛው በልማድ 4 ሰዓት በሥራው ላይ ይተጋል፤ 8 ሰዓት ያርፋል። መርከቡ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ 15 ዲግሪ በተጓዘ ቍጥር ሰዓቱ በ1 ይለወጣልና፥ እናት ምሳ ስታቀርብ ልጅ በእንቅልፍ ላይ ይሆናል።

በደቡብ አትላንቲክ ትሪስታን ዳ ኩኛ የምትባል ደሴት አለች። የአውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ከኬፕታውን በመርከብ አንድ ሳምንት ያህል ታስኬዳለች። ማዕበል ሲበረታ መንገደኛው ደሴቲቱን እያየ ሳይወርድ ያልፋል። በ1961 እ.ኤ.አ. እሳተ ገሞራ ቢፈነዳ ሕዝቧ ሁሉ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ በ1963 ግን አብዛኛው ወደ ቤቱ ተመለሰ። የቤት ፍቅር እንዲህ ነው።

እኛም በዚህ ነገር በድለናል። የልጁ እናት በታመመች ጊዜ እንዳይሠጋ ብለን ሸሸግነው። እርስዋ ከዳነች በኋላ ወሬውን በወደብ ከሌላ ሰው ሰምቶ፥ «ከእንግዲህ ደኅና ነን ብትሉኝ እንዴት አምናለሁ?» ሲል ጻፈልን። መልስ አጣንለት።

ስለዚህ ልጅ በሩቅ ያላችሁ ወላጆች ሆይ፥ ደጉንም ክፉውንም በእውነት ጻፉለት። ከቤቱ የሚያገናኘው መታመን ብቻ ነውና።