የ60 ቆርቆሮ ቤት ስንት ኪሎ ነው?

በአዊ ዞን፣ እንደ ሌላው የአማራ ክልል አካባቢ ሁሉ፣ የአንድ ቤተሰብ አቅም የሚነገረው በቆርቆሮ ቁጥር ነው። «የ40 ቆርቆሮ ቤት ሠራ»፣ «የ60 ቆርቆሮ ቤት አለው» ሲባል ሰሚው ስለ ግድግዳው ሳይጠይቅ የባለቤቱን ኑሮ ይገምታል። ሽማግሌ ሲላክም ሆነ ቤት ሲሸጥ የሚጠቀሰው ይኸው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ግን ስለ ቆርቆሮው ውፍረት የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። ክረምቱ ደግሞ የሚፈትነው ብዛቱን ሳይሆን ውፍረቱን ነው።

የአዊ ክረምት የዋዛ አይደለም። የዞኑ መቀመጫ እንጅባራ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ የምትገኝ ደጋ ናት። ዝቅ ብላ የምትገኘው ዳንግላ እንኳ በዓመት 1,600 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከአሥር ዘጠኙ እጅ የሚወርደው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው። ይህ በጣሪያ ሲሰላ ቀላል አይሆንም። አንድ የ60 ቆርቆሮ ቤት፣ መደራረቡ ተቀንሶ፣ 80 ካሬ ሜትር ቢሸፍን በዓመት 128 ሺህ ሊትር ውኃ ይወርድበታል። ይህም በ200 ሊትር በርሜል 640 በርሜል መሆኑ ነው። በረዶውና ነፋሱ ገና አልተቆጠሩም።

የአዊ ገበሬ ወደ ቆርቆሮ ገበያ በብዛት የገባው በዛፍ ገንዘብ ነው። በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዓይነት በእርሻ ማሳ ላይ ይተከላል፤ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ተቆርጦ እዚያው ይከሰልና ከሰሉ እስከ አዲስ አበባ ይጫናል። ማሳው ተመልሶ ጤፍ ይዘራበታል። ከዚህ ዑደት የተገኘው ገቢ የብዙውን ቤት የሣር ክዳን በቆርቆሮ ለውጧል። በቅርብ ዓመታት ግን ዛፉን የመታው በሽታ ይህን ምንጭ አሳስቶታል። ስለዚህ ዛሬ ጣሪያ ላይ ያለው ቆርቆሮ ነገ በቀላሉ የማይተካ የቤተሰብ ጥሪት ነው።

ታዲያ ይህ ጥሪት እንዴት ይገዛል? በመደብሩ የሚጠራው የጌጅ ቁጥር ነው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 30 ጌጅ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን 35 ጌጅ ወደ 0.2 ይወርዳል። የዓይን ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ ሁለቱም አዲስ ሲሆኑ እኩል ያብረቀርቃሉ። ልዩነቱ የሚታየው በክብደት ነው። አንድ ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ብረት፣ ሳይታጠፍ፣ በ0.3 ሚሊ ሜትር 4.7 ኪሎ ግራም፣ በ0.2 ደግሞ 3.1 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በዚህ ስሌት አንዱ የ60 ቆርቆሮ ቤት 283 ኪሎ ብረት ሲሸከም፣ ሌላው የ60 ቆርቆሮ ቤት 188 ኪሎ ብቻ ይሸከማል። የጎደለው አንድ ኩንታል ሊሞላ ምንም አልቀረው። የሁለቱ ባለቤቶች ስም በሰፈሩ ግን አንድ ነው።

እዚህ ላይ ነው የገበያው ጉድለት የሚጋለጠው። ገዢው ሚስማሩን በኪሎ ይገዛል፣ ቆርቆሮውን ግን በፍሬ። በፍሬ በሚሸጥ ዕቃ ላይ ማትረፊያው መንገድ ማሳሳት ይሆናል። 35ቱን 32 ነው ብሎ የሚሸጥ ቸርቻሪ፣ 32ቱን በትክክለኛ ስሙ ከሚሸጠው ጎረቤቱ ይልቅ ዋጋ መስበር ይችላል። ውሎ አድሮ ከገበያው የሚወጣው ሐቀኛው ነው።

ነጋዴዎች ለዚህ የሚሰጡት መልስ አላቸው፤ ውድቅ የሚደረግም አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከፈቀደ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የቆርቆሮው ጥሬ ብረት በዶላር የሚገባ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የዘለቀው ግጭትም መንገድ በየጊዜው እየዘጋ የጭነቱን ወጪ አንሮታል። የገዢው ኪስ ባለበት ሲቆም ቆርቆሮው ባይሳሳ ኖሮ ብዙ ሰው ያለ ጣሪያ በቀረ ነበር ይላሉ።

ክርክሩ እውነት የሚሆነው ገዢው ስስ መግዛቱን አውቆ ሲገዛ ነው። ስሱ ቆርቆሮ ዋጋው በሲሶ ቢቀንስና ዕድሜው በግማሽ ቢያጥር፣ የአንድ ዓመት ጣሪያ ዋጋ ከወፍራሙ በሲሶ ይበልጣል። የአናጢው፣ የሚስማሩና የሞራሌው ወጪ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። ድሀው ርካሽ ገዛ የሚባለው በግዢው ቀን ብቻ ነው።

ሌላው ችግር የወቅት ነው። ገበሬው ገንዘብ የሚይዘው ከኅዳር እስከ የካቲት፣ እህሉ ሲወቃና ከሰሉ ሲሸጥ ነው። ጣሪያው ማፍሰሱን የሚያስታውሰው ግን ሰኔ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ገንዘቡ ለማዳበሪያና ለዘር ወጥቷል። በሰኔ የሚገዛ ሰው አይመርጥም፣ አይለካም፣ ያገኘውን ይሸከማል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በዝናብ መሐል የተመታ ሚስማርም ቀዳዳውን እያሰፋ ነፋስ ሲመጣ ይነቀላል። በመጋቢት ወይም በሚያዝያ አናጢ አውጥቶ የላላውን ሚስማር ከነጎማው መለወጥ፣ ኮልሞውን ማጥበቅ፣ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ በቦዩ ውስጥ አለመምታት፣ አሸንዳውን መጥረግ ከጥቂት ቆርቆሮ ዋጋ የማይበልጥ ወጪ ነው።

መፍትሔው አዲስ መሥሪያ ቤት አይጠይቅም። በዳንግላና በእንጅባራ ሚዛን የሌለው እህል ነጋዴ የለም። ሃያ ቆርቆሮ አስሮ ሚዛን ላይ ማውጣትና ለሃያ ማካፈል የደቂቃዎች ሥራ ነው። አንድ መደብር «በኪሎ እንሸጣለን» ብሎ ቢለጥፍ የመጀመሪያው ወር ሊከብደው ይችላል፤ ዓመት ሳይሞላ ግን የገዢው ሁሉ መነሻ እርሱ ይሆናል። የንግድ ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ ደረሰኝ ላይ የፍሬ ብዛት ብቻ ሳይሆን ውፍረቱና ክብደቱ እንዲጻፍ ቢያስገድዱ ክርክር ሲነሳ ማስረጃ ይኖራል።

አበዳሪዎችም ድርሻ አላቸው። ከቀድሞው አብቁተ የተወለደው ፀደይ ባንክና መሰሎቹ ገበሬውን የሚያውቁት ከወቅቱ ጋር ነው። በጥር የሚከፈት፣ ገንዘቡ በቀጥታ ለተመዘነ ቆርቆሮ የሚከፈል አነስተኛ የጣሪያ ቁጠባና ብድር፣ ለነጋዴው በበጋ የተረጋገጠ ሽያጭ፣ ለባንኩ ዓይን የሚያየው ንብረት፣ ለገዢው ደግሞ የመምረጫ ጊዜ ይሰጣል።

እስከዚያው ድረስ ግን ለአዊ ገዢ የሚበጀው አንድ ጥያቄ አለ። «ፍሬው ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት «ስንት ኪሎ ይመዝናል?» ይበል። መመዘን የማይፈልግ ሻጭ ሲያጋጥመው መልሱን አግኝቷል ማለት ነው።