የቤት ኮምፒውተር ቤት የሚቀረው ነው



ዛሬ የፈረሱላ ዋጋ ይዤ አልመጣሁም። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝን አንድ ነገር ልመልስ ነው፦ «ለቤት ኮምፒውተር ልገዛ ነው፤ ዴስክቶፕ ይሻላል ላፕቶፕ?» ቡናና እህል ስላስማማሁ ሁሉንም ነገር የማስማማ መስያችሁ ይሆናል። እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ግን በዚህ ጉዳይ ከስሬ የተማርኩት ነገር አለ፤ እሱን ልንገራችሁ።

እኔ ቤት ለረጅም ጊዜ የነበረው አንድ ላፕቶፕ ብቻ ነው። ስገዛው ለባለቤቴ «የቤት ነው» ብያት ነበር፤ ገንዘቡም ከቤት ወጪ ላይ ነው የወጣው። ምን አለፋችሁ፣ ላፕቶፑ ቤት የሚያድረው እኔ ቤት ሳድር ብቻ ሆነ። ጅማ ስሄድ እሱም ጅማ፣ ሚዛን ስሄድ ሚዛን፣ በቆሎ ለማየት ቡሬ ስሄድ ቡሬ።

በ2017 ታናሽ ወንድሜ እኛ ጋ ሆኖ 12ኛ ክፍል ይማር ነበር። እንደምታውቁት የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ጀምሮ በወረቀት ብቻ ሳይሆን በኮምፒውተርም ይሰጣል። የሱ ትምህርት ቤት በኮምፒውተር ከሚፈተኑት ውስጥ ገባ። ሚያዝያና ግንቦት ልጁ ቁጭ ብሎ የሚለማመድባቸው ወራት ናቸው፤ እኔ ደግሞ በነዚያ ወራት ከመጋዘን መጋዘን እዞር ነበር። ላፕቶፑም አብሮኝ ዞረ። ልጁ በስልክ አነበበ። ተፈትኖ ሲመጣ «እንዴት ነበር?» ስለው፣ «ጋሼ፣ ጥያቄው አልከበደኝም፤ ማውሱን እስክለምደው ነው ሰዓቱ የሄደብኝ» አለኝ። ከማለፊያው 50 ከመቶ በጥቂት ነጥብ ቀረ። አሁን በሪሚዲያል እየተማረ ነው። ጥፋቱ ሁሉ የማውስ ነው አልልም፤ ግን እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ የዞርኩት የሱን መለማመጃ እንደነበር እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ። የቤት ኮምፒውተር ማለት ቤት የሚቀረው ነው። ተንቀሳቃሽ ዕቃ ባለቤቱ የሚንቀሳቀሰው ሰው ነው፤ ሌላው ቤተሰብ ተበዳሪ ነው። እንደኛ ሥራው መንገድ ላይ የሆነ ሰው ላፕቶፕ ገዝቶ «የቤት ነው» ካለ፣ በቤት ገንዘብ የቢሮ ዕቃ ገዛ ማለት ነው። መብራቱ እጅግ አስቸጋሪ ካልሆነ በቀር የብዙዎቻችን ቤት መልስ ዴስክቶፕ ነው እላለሁ።

«ገበያውን በምን ልከታተል?» የሚል ይኖራል። የኒውዮርክ የአረቢካ ገበያ በነሱ የበጋ ሰዓት ሲሆን በኛ ከቀኑ 5፡15 ተከፍቶ ከምሽቱ 2፡30 ይዘጋል፤ በክረምት ሰዓታቸው አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል። ማለትም ገበያው ሲዘጋ አብዛኞቻችን ቤት ነን። ዋጋ ለማየት ስልክ ይበቃል። ኮንትራት አንብቦ ለማረም፣ የሂሳብ ሠንጠረዥ ለመሥራት፣ ከባንክ የመጣ ሰነድ ከኢንቮይስ ጋር ጎን ለጎን ለማመሳከር ግን ሰፊ ስክሪንና ደህና ኪቦርድ የግድ ነው። ያ ደግሞ ዴስክቶፕ ላይ ነው የሚገኘው።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ሱቅ ስትገቡ ሁለቱን ዋጋ እንዳለ አታወዳድሩ። በኛ ቋንቋ ላስረዳችሁ፦ የላፕቶፕ ዋጋ ሲአይኤፍ ነው፣ የዴስክቶፕ ዋጋ ኤፍኦቢ ነው። ላፕቶፕ ውስጥ ስክሪኑ፣ ኪቦርዱ፣ ካሜራው፣ ድምፅ ማጉያው፣ ዋይፋዩና ባትሪው ተጠቃለው ገብተዋል። ዴስክቶፕ «ረከሰ» ብላችሁ ሣጥኑን ብቻ ከገዛችሁ ገና ጅቡቲ ወደብ ላይ ናችሁ። ሞኒተር አለ፣ ኪቦርድና ማውስ አለ፣ ካሜራ አለ፣ ዋይፋይ ከሌለው ትንሿ ተሰኪ ትጨመራለች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዩፒኤስ አለ። ይህን ሁሉ ደምራችሁ ነው ከላፕቶፕ ጋር የምታስተያዩት። ብዙ ሰው «ተታለልኩ» የሚለው እዚህ ጋ ነው፤ የተታለለው ግን በራሱ ሂሳብ ነው።

ሂሳቡ ግን በግዢው ቀን አያልቅም። ዴስክቶፕ ሲበላሽ በየክፍሉ ይጠገናል። ሚሞሪ ካነሰው ሚሞሪ፣ ዲስኩ ከቆመ ዲስክ፣ ኪቦርዱ ላይ ልጅ ሻይ ከደፋበት ኪቦርድ ብቻ ይቀየራል። ላፕቶፕ ላይ ሻይ ከተደፋ ሻዩ በኪቦርዱ አልፎ ዋናው ቦርድ ጋ ይደርሳል። ቀጫጭኖቹ ላፕቶፖች ላይ ሚሞሪው ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሚሆን መጨመርም አይቻልም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ ሲመራ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ምን እንደሆነ እናንተ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሙሉ ዕቃ ከመቀየር አንድ ክፍል መቀየር የቻለ ሰው ያተርፋል።

የመብራት ነገርስ? እውነተኛው ተቃውሞ ይሄ ነው፤ አልሸሸውም። ላፕቶፕ መብራት ሲጠፋ ሁለት ሦስት ሰዓት ይሠራል፣ ዴስክቶፕ ወዲያው ይጠፋል። ዩፒኤስ ብትገዙም ተራው ዓይነት የሚሰጣችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነው፤ ሥራ አስቀምጦ በሥርዓት ለማጥፋት እንጂ ሥራ ለመቀጠል አይደለም። የዩፒኤስ ባትሪም በሁለት ሦስት ዓመት ይደክማል፣ መቀየር አለበት። የላፕቶፑም ባትሪ ያረጃል፤ ልዩነቱ የሱ ማርጀት ቀስ እያለ ስለሆነ የምናውቀው መብራት የጠፋ ቀን መሆኑ ነው።

የፍጆታውንም ነገር ልጨምር። አንድ ደህና የቤት ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ 100 ዋት ቢወስድና በቀን 5 ሰዓት ቢሠራ በወር 15 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ላፕቶፕ በ40 ዋት ሂሳብ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ልዩነቱ 9 ነው፤ በምትከፍሉበት ታሪፍ አባዙት። ቤት የሚያፈርስ ወጪ አይደለም። ቦታም ፍጆታም የሚያሳስበው ሰው ሚኒ ፒሲ የሚባሉትን ትንንሾቹን ሣጥኖች ይመልከት። ከመጽሐፍ የማይበልጡ አሉ፣ ፍጆታቸውም ከትልቁ ሣጥን ያንሳል፣ ዩፒኤሱም ረዘም ላለ ጊዜ ይይዝላቸዋል።

አሁን ደግሞ ስለ ስላሽ ገበያው። አብዛኛው ሰው የሚገዛው መገናኛና መርካቶ ያገለገለውን ነው፤ ነውር የለውም፣ እኔም የገዛሁት ስላሽ ነው። ግን ናሙና ሳይቀመስ ቡና ይገዛል? አይገዛም። እንግዲያው ይህንን አጣሩ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ኮር በኩል በመደበኛው መንገድ የሚቀበለው 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ያለውን ነው። ገበያው ላይ «ኮር አይ7 ነው፣ ከባድ ነው» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ዕቃ 4ኛና 6ኛ ጄኔሬሽን ነው። አይ5 ወይም አይ7 የሚለው ስም አያሳስታችሁ፤ ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 6500 ካለ 6ኛ፣ 8500 ካለ 8ኛ ነው። በ1 የሚጀምር ከሆነ ሁለቱን አኃዝ አብራችሁ አንብቡ፤ 10400 ማለት 10ኛ ነው። የ8ኛው አይ5 ከ4ኛው አይ7 ይሻላችኋል። ዲስኩም ኤስኤስዲ ይሁን። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሲሠራ የነበረውን አቅምና አሁን የሚይዘውን የሚያሳይ ሪፖርት ዊንዶውስ ራሱ ያወጣል፤ ሻጩን እዚያው «አውጣልኝ» በሉት። ካንገራገረ መልሱን አገኛችሁ።

ላፕቶፕ የሚገባው ቤት የለም እያልኩ አይደለም። በየዓመቱ ቤት የሚቀይር ተከራይ ሣጥንና ሞኒተር ተሸክሞ መዞር አይጠበቅበትም። ልጁ ዩኒቨርሲቲ የገባ ወላጅ ላፕቶፕ ይግዛለት፣ ዶርም ነው የሚኖረው። መብራት በሳምንት ብዙ ቀን ለሰዓታት የሚጠፋበት ከተማ ያላችሁም ላፕቶፕ ግዙ። ግን አንድ ሁኔታ ላክልበት፦ ላፕቶፑ ቤት ይቅር። ጠረጴዛ ስጡት፣ ማውስ ሰኩለት፣ የሚችል ሞኒተር ይጨምርለት። መንገድ ለምትሄዱበት ስልካችሁ ይበቃችኋል፤ ካልበቃችሁ የሥራውን ከሥራው ትርፍ ግዙ።

ለዩኒየን ሰዎች ለብቻ አንድ ቃል አለኝ። አውሮፓ ደን ሳይጨፈጨፍ የተመረተ መሆኑን አስመስክሩ በሚለው ሕጉ የእያንዳንዱን ማሳ መገኛ ይፈልጋል፤ ተግባራዊ የሚሆንበት ጊዜ ቢገፋም ዝግጅቱ አልቆመም። ከ4 ሄክታር በታች ላለ የቡና ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ለሆነው የማሳው ዙሪያ ይፈለጋል። ይህን የሺዎች ገበሬ ዝርዝር ማታ ቤቱ ወስዶ በግል ላፕቶፑ የሚያስተካክል ሠራተኛ አውቃለሁ። ትጉ ሰው ነው። ግን ያ ላፕቶፕ ሚኒባስ ላይ ቢጠፋ የሚጠፋው የሱ ዕቃ ብቻ አይደለም፣ የገበሬው የሽያጭ ማስረጃ ነው። ቤት የሚሠራ ከሆነ ቤት የሚቀር ማሽን ይኑረው፤ ሁለተኛ ቅጂም ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ዴስክቶፕም ቢሆን ይቃጠላል፣ ይሰረቃል፤ አንድ ቅጂ ማለት ምንም ቅጂ ማለት ነው።

እኔ ምን አደረግሁ? ስላሽ ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ ገዛሁ፣ ዩፒኤስ ጨመርኩ፣ ሳሎን አስቀመጥኩት። አሁን ባለቤቴ የዕቁቡን ሂሳብ የምትሠራው እሱ ላይ ነው፣ ወንድሜ ማታ ማታ እሱ ላይ ነው፣ ትንሿ ልጄ በሁለት ጣት ስሟን ትጽፍበታለች። እኔ ባለፈው ሳምንት ለአምስት ቀን ጅማ ነበርኩ። ደውዬ «ኮምፒውተሩ ሰላም ነው?» ስል ወንድሜ «ወረፋ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። ደስ አለኝ።

እንግዲህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የቤት ሰው ሰብስባችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ እኔ ቤት በሌለሁበት ቀን ማን ይፈልገዋል? መልሱ «ማንም» ከሆነ ላፕቶፕ ግዙና ይዛችሁ ዙሩ። አንድ ሰው እንኳ እጁን ካወጣ ዴስክቶፕ ነው።

ሰኞ ወደ ዋጋችን እንመለሳለን። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ጻፉልኝ፣ በተለይ መብራት አስቸጋሪ ከሆነበት አካባቢ ያላችሁ።

መልካም ገበያ።