የሳይት ስልክ ሳይት ላይ ይፈተን

የኮንስትራክሽን ድርጅቶች የዕለት ሪፖርትን ከወረቀት ወደ ስልክ ሲያዞሩ፣ መተግበሪያውን የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ ቢሮ የተቀመጠ ሰው ነው። የሚሞላው ግን ሶሌታ ላይ የቆመው፣ እጁ በሲሚንቶ የተለወሰው ፎርማን ነው።

የስልክ ስክሪን ጣትን የሚያውቀው በኤሌክትሪክ ነው። ወፍራም የሥራ ጓንት ይህን ይከልለዋል፤ የውኃ ጠብታም ያሳስተዋል። ጓንት ማውለቅ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል። ስለዚህ ሪፖርቱ ለማታ ያድራል። ማታ የሚጻፈው የታየው ሳይሆን የታወሰው ነው።

አማርኛ መጻፍም የራሱ ሸክም አለው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ አንዷን ለማግኘት ብዙ ጊዜ ሁለቴ መንካት ይጠይቃል።

«በድምፅ ይሁን» የሚሉ አሉ። ጎግል በ2017 እ.ኤ.አ. አማርኛን በድምፅ ከሚጻፉ ቋንቋዎች ጋር ደምሯል። ነገር ግን ሚክሰርና ቫይብሬተር በሚጮሁበት «ስድስት» እና «ስድሳ» ቢምታቱ የተሳሳተው የፌሮ ብዛት ነው። አርማታው ከተሞላ በኋላ ማን ከፍቶ ያያል?

ማብራሪያው በድምፅ፣ ማስረጃው በፎቶ፣ ቁጥሩ ግን በትልልቅ ቁልፎች ይግባ፤ ከመላኩ በፊትም በጉልህ ይታይ። ስልኩም በጓንት የሚሠራ ይሁን። ከሁሉም በላይ፣ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ፎርማኑ ራሱ በፀሐይና በጩኸት መሃል ይሞክረው። ሲመዘንም ስንት ደቂቃ ፈጀ ብቻ ሳይሆን ስንት ቁጥር ተሳሳተ ተብሎ ይጠየቅ። ሕንፃው የሚቆመው በዚያ ቁጥር ላይ ነው።