የአእምሮ ሁለት ቀለቦች

ብዙ ሰው አእምሮን ከሰውነት የተለየ፥ እህል ውሃ የማይሻ ነገር አድርጎ ይገምተዋል። ስለዚህ ወጣቱ ተማሪ ወይም ጸሐፊ ሲከፋውና ሥራው አልያዝ ሲለው፥ ምክንያቱን በዕድሉ ወይም በጠባዩ ላይ ይፈልጋል እንጂ ሰሞኑን ምን እንደበላ ራሱን አይጠይቅም። አእምሮም ቀለብ እንደሚሻ ግን ቀጥሎ ያለው ታሪክ ያስረዳናል።

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካ ደቡብ ክፍል ፔላግራ የሚባል በሽታ ድኾችን ያጠቃ ነበር። ቆዳን ያቈስላል፤ ተቅማጥ ያስከትላል፤ በመጨረሻም አእምሮን ያናውጣል። ከሕሙማኑም ብዙዎቹ በአእምሮ በሽተኞች ሆስፒታል ይዘጋባቸው ነበር። በሽታው ተላላፊ ነው ተብሎ ይፈራ ነበርና፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1914 ዓ.ም. መንግሥት ዶክተር ጆሴፍ ጎልድበርገርን ነገሩን እንዲመረምር ላከው። ሐኪሙም በየሆስፒታሉ ሲዘዋወር፥ ተኝተው የሚታከሙት በፔላግራ ሲያዙ አስታማሚዎቹ እንደማይያዙ አስተዋለ። ተላላፊ ቢሆን ኖሮ አስታማሚውን ማን ያስጥለው ነበር?

ልዩነቱ የተገኘው በገበታ ላይ ነው። ድኾቹ የሚመገቡት ይበልጡን በቆሎ፥ የአሳማ ስብና የሸንኮራ ማር ነበር። ወተት፥ ሥጋ፥ እንቁላልና ጥራጥሬ ሲጨመርላቸው በሽታው ጠፋ። በ1915 በሚሲሲፒ 11 ጤነኛ እስረኞች በፈቃዳቸው የበቆሎውን ምግብ ብቻ ሲመገቡ በጥቂት ወራት ውስጥ 6ቱ ታመሙ። የጎደለውም ነገር ኒያሲን የተባለው ቪታሚን መሆኑ በ1937 ታወቀ።

በሻይና በዳቦ ውሎ የሚያድር ሰው ሁሉ አእምሮው ይናወጣል ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ደመወዝ ከወሩ ቀድሞ ሲያልቅ በመጀመሪያ የሚቀነሰው ምሳ መሆን የለበትም። ሽሮ፥ ምስርና ጎመን፥ ሲቻልም እንቁላልና ወተት፥ ለማንበብም ሆነ ለመሥራት ስንቅ ናቸው።

ሁለተኛው ቀለብ አሳብ ነው። አለቃው ሰላም ሳይለው ያለፈ ጸሐፊ «ጠልቶኛል፤ ሊያባርረኝ ነው» ብሎ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። በአንድ ፈተና የወደቀ ተማሪም «እኔ ለምንም አልሆንም» ይላል። የፊላዴልፊያው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ በ1960ዎቹ ዓመታት በትካዜ የታመሙ ሰዎችን ሲያክም፥ እንዲህ ያሉ ሳይጠሩ የሚመጡ አሳቦችን ሕሙማኑ ሳይመረምሩ እንደሚቀበሏቸው ተመለከተ። ያቋቋመው ሕክምና አሳቡን እንደ ተከሳሽ አቁሞ መመርመር ነው። አሳቡን በወረቀት ጻፈው፤ ምስክሩ ምንድን ነው? ሌላ ምክንያትስ የለውምን? ምናልባት አለቃው የታመመ ልጅ ቤት ጥሎ መጥቶ ይሆናል። ይህ «ሁሉ ደኅና ነው» እያሉ ራስን ማታለል ሳይሆን፥ ለራስ ትክክለኛ ፍርድ መስጠት ነው።

ሆኖም ሁሉ ነገር በምግብና በአሳብ አይድንም። ትካዜው ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳይለቅ ከቆየ፥ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለ፥ ወይም የሞት አሳብ ካመጣ፥ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። የሞት አሳብ ከመጣማ ሁለት ሳምንት ቀርቶ አንድ ቀንም አይጠበቅም። ጠበል የሚጠመቅም ሰው ቢሆን ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ማቋረጥ የለበትም። እግሩ የተሰበረ ሰው ወጌሻ ፍለጋ ሲሄድ አያፍርም፤ አእምሮው የታመመም ሰው የሚያፍርበት ምክንያት የለም። ጓደኛችሁ ከሰው መሸሽና ማዕድ መተው ከጀመረ፥ «ሰነፈ» ከማለት አስቀድማችሁ በልቶ እንደሆነ ጠይቁት፤ አብራችሁም ቅረቡ።