ሴራሚኩ የተነጠፈው ለማን ነው?

ባለፈው ሐምሌ ነው። እዚሁ ሰቆጣ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ አንዲት እናት ወደቁ። ከገጠር በዝናብ የመጡ፣ ኮንጎ ጫማ ያደረጉ ናቸው። የወደቁት ደግሞ ለአካል ጉዳተኛና ለአቅመ ደካማ ተብሎ በተሠራው ራምፕ ላይ! ሴራሚክ ለብሷል እኮ። ዘበኛው ምን ቢል ጥሩ ነው? «እማማ፣ ቀስ ብለው አይሄዱም እንዴ?»

እስካሁን የምታንገበግበኝ ይቺ ንግግር ናት። ሰው ወድቆ ጥፋተኛው ራሱ የወደቀው!

ተማሪዎቼ፣ ስለ ሰበቃ የተማርነውን አስታውሱ። ውሃ በሶልና በወለል መሃል ስስ ሆኖ ሲገባ ሰውዬው የሚረግጠው ውሃውን ነው። ሻካራ ወለል ግን ውሃውን በስቶ ሶሉን ይይዛል። ሶሉ ያለቀ ኮንጎ በራሱ ምንም አይዝም፣ ስለዚህ መያዝ ያለበት ወለሉ ነው። አገሬው ምን እንደሚጫማ እያወቅን ለምርቃት ቀን ፎቶ የሚያብረቀርቅ ነገር እናነጥፋለን።

በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች አመቺ መግቢያ ይኑረው ብሎ ነበር። እኛም ራምፕ ሠራን፣ ከዚያ መንሸራተቻ አደረግነው።

መፍትሔው ውድ ቢሆን ዝም እል ነበር። ሊሾ ከሆነ ሳይደርቅ በመጥረጊያ መጫር ነው፤ ነጻ ነው። ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላም ይቻላል። አብረቅራቂ ፊቱን በግራይንደር አሻክሮ፣ ቅባትና አቧራውን አጽድቶ አድርቆ ኢፖክሲ መቀባት። ኢፖክሲ ብቻውን ግን እርጥበት ሲነካው ከሴራሚክ አይሻልም፤ ቁም ነገሩ አሸዋው ነው። ቅቡ ሳይደርቅ ታጥቦ የደረቀና የተነፋ አሸዋ በደንብ ይበተንበታል፣ ሲጠነክር ያልተጣበቀው ይጠረግና ከላይ አንዴ ስስ ተደርጎ ይደገማል። ከወፈረ አሸዋው ይቀበራል፣ ልፋቱም ገደል ገባ።

«ለጽዳት ያስቸግራል» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ በጨርቅ አይሆንም፣ ብሩሽ ይፈልጋል። ቢሮውን በሙሉ አሻክሩ ያለ ግን የለም፤ መግቢያ፣ ደረጃ፣ ራምፕና ሽንት ቤት ብቻ።

ኮንስትራክሽን የገባችሁ ልጆቼ፣ ስፔስፊኬሽን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። «እርጥብ ሆኖ የማያንሸራትት» የምትል ሐረግ ጨምሩበት።

እናትየዋ ዳሌያቸው ተሰብሮ ዛሬም በምርኩዝ ናቸው። ሴራሚኩን ዛሬ ጠዋት ሳልፍ በውሃ ሲወለውሉት አየሁ።