ቀዶ ጥገናው አለቀ፣ ሕክምናውስ?

አጎቴ በአንጀት ካንሰር ቀዶ ጥገና ተደርጎለት፣ ሆዱ ላይ የሰገራ ከረጢት ተለጥፎለት «ድነዋል፣ ቤትዎ ይሂዱ» ተባለ። ከረጢቱ እንዴት እንደሚቀየር ያሳየው የለም። እኔም የነርሲንግ ተማሪ ተብዬ አላውቅበትም ነበር። ዛሬ ቤተ ክርስቲያንም ለቅሶ ቤትም አይሄድም፤ «ብሸትስ? ሰው ምን ይለኛል?» ይላል።

ጀርመን አገር እንዲህ ያለ ታካሚ ብዙውን ጊዜ ከሆስፒታል በወጣ በ14 ቀናት ውስጥ ማገገሚያ ማዕከል መግባት ይችላል። በተለምዶ 3 ሳምንት እዚያው ተኝቶ ከረጢት አያያዝና አመጋገብ ይማራል፣ ሰውነቱን ያፍታታል፣ የሥነ ልቦና ምክርም ያገኛል።

እኛ ማዕከሉን እስክንሠራ ብዙ ይቀረናል እንበል። ግን አንዲት ነርስ ታካሚው ከመውጣቱ በፊት አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ በገዛ እጁ እስኪለምደው ብታስተምረው ምን ይከብዳል? የትምህርት ክፍላችን ይህንን በተግባር ልምምዳችን ውስጥ ያስገባልን እላለሁ። ከካንሰር የተረፈ ሰው በሀፍረት ቤት ሲውል ዳነ ማለት ይከብደኛል።