ወንዛችንን ማን ይለካልን?

ባለፈው የብርድ ወራት እዚህ ኦስሎ ውስጥ ጥቂት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ተሰብስበን ስለ ዓባይ ስንከራከር አመሸን። ዓባይ ከድንበራችን ሲወጣ በዓመት ምን ያህል ውሃ እንደሚይዝ የማያውቅ ከመካከላችን አልነበረም፤ ሁሉም «49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ» እያለ እንደ ዳዊት ደገመው። አንዱ ወንድማችን ግን፣ «ለመሆኑ በየተወለድንበት ቀዬ በዓመት ስንት ሚሊ ሜትር ዝናብ ይጥላል? በደጃችን የሚያልፈውስ ወንዝ በሚያዝያ ስንት፣ በነሐሴ ስንት ያወርዳል?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ የሰጠ አልተገኘም። የኦስሎን ዝናብ ሰዓት በሰዓት ከስልካችን እያነበብን የእናት አባታችንን ማሳ ዝናብ አለማወቃችን አሳፈረን። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደን ያ ዝምታ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

አሳባችንን ባጭሩ እናስቀድም። ወንዙንና ዝናቡን ዓመት ሙሉ፣ ሳያቋርጥ፣ በራሱ እጅ የማይለካ ሕዝብ በገዛ ውሃው ላይ የሚከራከረው በሌላ ሰው ቁጥር ነው። በሌላ ሰው ቁጥር የሚከራከር ደግሞ ምስክሩም ዳኛውም ባላጋራው ይሆንበታል።

ለመሆኑ መለካት ምንድን ነው? የሚያስፈራ ጥበብ አይደለም። ለዝናቡ የሚያስፈልገው አፉ የተከፈተ፣ ከዛፍና ከቤት ጥግ የራቀ መስፈሪያ ነው። በየጧቱ በተወሰነ ሰዓት ይነበባል፤ ይጻፋል፤ ይደፋል። 1 ሚሊ ሜትር ዘነበ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። ለወንዙ ደግሞ በቁጥር የተከፋፈለ በትር በዳሩ ይተከልና የውሃው ከፍታ ጧትና ማታ ይመዘገባል። ከፍታው ብቻውን መጠኑን አይናገርምና፣ አልፎ አልፎ ወደ ወንዙ ተገብቶ ስፋቱና ጥልቀቱ ይለካል፤ የውሃው ፍጥነትም ይታያል። ስፋቱ በጥልቀቱ፣ የተገኘውም በፍጥነቱ ሲባዛ በሴኮንድ የሚያልፈው ውሃ ይታወቃል። ወንዙ ሲጎድልም ሲሞላም ይህ ከተደጋገመ በኋላ፣ ከፍታውን ብቻ አይቶ መጠኑን መናገር ይቻላል።

ልኬቱ ግን ዓመት መድፈን አለበት። ከዓባይ የዓመት ውሃ ከአሥር እጅ ስምንቱ የሚበልጠው የሚያልፈው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ነው። በነሐሴ ብቻ የለካ ሰው ያገራችንን ውሃ የማያልቅ አድርጎ ያወራል፤ በሚያዝያ ብቻ የለካ ደግሞ ወንዝ የለንም ይላል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ሁለቱም ግን አላወቁም። መሬትም በክረምት የጠጣችውን በበጋ በምንጭ አድርጋ ትመልሳለች። ሒሳቡ የሚዘጋው አሥራ ሁለቱ ወር ሲሞላ ነው። ያን ጊዜ ከዘነበው ላይ በወንዝ የሄደው ሲቀነስ፣ ወደ ሰማይ የተመለሰው ምን ያህል እንደሆነ ይታወቃል። እርግጥ አንድ ዓመት ብቻውን አይበቃም፤ ዓመት ከዓመት ይለያያልና። ነገር ግን አንዱን ያልጀመረ ሠላሳውን አያገኝም።

ይህን ሒሳብ በዓባይ ላይ ብንሞክረው የሚያስደንቅ ነገር ይወጣል። የዓባይ ተፋሰስ እስከ ሱዳን ድንበር ከ170 ሺሕ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚያ ላይ በዓመት የሚወርደው ዝናብ በአማካይ 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 49 ቢሊዮኑን ሜትር ኩብ በዚያው መሬት ላይ አስተካክለን ብናፈሰው ግን ጥልቀቱ 280 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። እንግዲህ በወንዙ የሚሄደው ከዝናቡ አንድ አምስተኛው ነው ማለት ነው። አራቱ እጅ ጤፉንና በቆሎውን፣ ሣሩንና ዛፉን አብቅሎ፣ ከአፈሩም ተንኖ ወደ ሰማይ ይመለሳል። መንግሥታት የሚጣሉበት ወንዝ፣ ዝናቡ ተበልቶ የተረፈው ነው። ትልቁ ዓባይ በገበሬው ማሳ ላይ ይወርዳል፤ ስለ እሱ ግን ጉባኤ ተጠርቶ አያውቅም። የገበሬው ደጃፍ የዝናብ መስፈሪያ ከግድብ ሥራ የማያንሰው ስለዚህ ነው።

ታዲያ እስከ ዛሬ የለካልን ማን ነው? ግብፆች በካይሮ በሮዳ ደሴት ያለውን የውሃ መለኪያ ያነጹት በ861 ነው፤ የወንዙን ከፍታ እያዩ ግብሩን ይወስኑበት ነበር። እኛ ስለ ወንዛችን እየዘፈንን፣ እነሱ የደጋችንን ክረምት በድንጋይ ምሰሶ ላይ ያነቡ ነበር። አጼ ምኒልክ በግንቦት 1902 ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል፣ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ውሃውን የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ ተጻፈ። በ1920ና በ1921 ግራብሃምና ብላክ የተባሉ መልእክተኞች ጣና ዳር ሰንብተው የሐይቁን ውሃ አጠኑ፤ ሪፖርታቸው በ1925 ካይሮ ላይ ታተመ። በ1959 ግብፅና ሱዳን የዓመቱን ውሃ 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው፣ 55.5ቱን ለግብፅ፣ 18.5ቱን ለሱዳን፣ 10ሩን ለትነት ደልድለው ሲፈራረሙ ኢትዮጵያ አልተጠራችም። ከ1958 ጀምሮ ወንዙን ያጠናው የአሜሪካ መንግሥት የመሬት ልማት ቢሮ በ1964 ሪፖርቱን አቀረበ፤ ካራዶቢን፣ ማቢልን፣ መንዳያንና ድንበርን ለግድብ ያመለከተው እሱ ነው። በ2006 ደግሞ ካራዶቢን እንደገና ካጠኑት መካከል ኖርኮንሰልትና ኖርፕላን የተባሉ የኖርዌይ ኩባንያዎች ነበሩበት። እኛ እንደ ዳዊት የምንደግመው 49 ቢሊዮን እንኳ ባብዛኛው ከድንበር ማዶ፣ በሱዳን መሬት በተተከሉ ጣቢያዎች ተለክቶ የተገኘ ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል፤ ቁጥርም ጠምቶታል።

አሁን ደግሞ የምንኖርበትን አገር እንመልከት። አንዳንድ ሰው ኖርዌይን ያበለጸጋት የዝናብ ብዛት ይመስለዋል። ምዕራባዊው ጠረፍ በእርግጥ እጅግ ይዘንብበታል፤ ኦስሎ ግን፣ የሜትዎሮሎጂው ተቋም በብሊንደርን እንደሚለካው፣ የዓመት ዝናቧ በአማካይ ከ800 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። አዲስ አበባ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። ልዩነቱ ያለው በመዝገቡ ነው። ይህ ተቋም የተመሠረተው በ1866 ነው። ወንዞችን የሚለካው የመንግሥት ክፍል በ1895 ተቋቋመ። ኖርዌይ ከስዊድን ተለይታ ራሷን የቻለችው በ1905 መሆኑን ልብ ይሏል! ወንዛቸውን መለካት የጀመሩት ሙሉ ነጻነታቸውን ከማግኘታቸው በፊት ነው። የውጭ ባለ ገንዘቦች ፏፏቴዎቹን ለመግዛት ሲሻሙ፣ ምክር ቤታቸው በ1906 ያለ መንግሥት ፈቃድ እንዳይሸጡ ከለከለ፤ በ1909 ደግሞ የፈቃዱ ዘመን ሲያልቅ ፏፏቴውም መሣሪያውም ያለ ክፍያ ወደ መንግሥት እንዲመለስ ደነገገ። የሀብቱን ልክ የሚያውቅ አገር ሕግ ማውጣት ይችላል፤ የማያውቅ ግን ፈራሚ ብቻ ይሆናል። ዛሬ ኖርዌይ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ከውሃ ነው።

ይህን ስንል ቁጥር የያዘ ሁሉ ፍትሕ ይሠራል ማለታችን አይደለም። በ1979 የሳሚ ሕዝብ ልጆች የአልታን ወንዝ ግድብ በመቃወም እዚሁ ኦስሎ በምክር ቤቱ ፊት ድንኳን ተክለው ከምግብ ታቅበዋል፤ ግድቡ ግን አልቀረም፤ በ1987 ሥራ ጀመረ። ልኬት በመንግሥት እጅ ብቻ ሲሆን የመንግሥት መሣሪያ ነው። እኛ የምንሻው የሕዝብ እንዲሆን ነው።

የሕዝብ ባይሆን ምን እንደሚከተል ድሬዳዋ ትመስክር። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፤ ይገበያይበታል። በነሐሴ 2006 አንድ ሌሊት ከከተማዪቱ በላይ በሐረርጌ ደጋ የጣለ ዝናብ በዚያ አሸዋ ላይ ወርዶ ከ200 የሚበልጡ ወገኖቻችንን በእንቅልፋቸው ወሰደ። ያ ውሃ ከደጋው እስከ ከተማው የተጓዘው በሰዓታት ነው። ደጋው ላይ መስፈሪያውን አይቶ ወደ ታች የሚደውል አንድ ሰው፣ ታችም ሰምቶ ደወል የሚመታ ሌላ ሰው ቢኖር ኖሮ የስንቱ ሕይወት በተረፈ! በነሐሴ 2023 «ሃንስ» የተባለው ማዕበል ደቡብ ኖርዌይን ሲመታ መንገድ ተቆርጧል፤ ቤት ተወስዷል፤ የብራስከራይድፎስ ግድብም ተደርምሷል። ነገር ግን ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ስለተነገረ በሺሕ የሚቆጠር ሰው ውሃው ሳይደርስበት ቤቱን ለቆ ወጥቷል። ሁለቱን አገሮች በሀብት ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ይሁን እንጂ የዝናብ መስፈሪያና የስልክ ጥሪ ከኢትዮጵያ አቅም በላይ ነው የሚለንን አንቀበልም።

ደግሞስ ባገራችን ያልተሞከረ ነገር ነውን? አይደለም። ከ1981 ጀምሮ ከስዊስ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተካሄደው የአፈር ጥበቃ ጥናት፣ በወሎ ማይባር፣ በሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒና በሌሎችም ሥፍራዎች ዝናቡም ጅረቱም፣ የሚታጠበው አፈርም ሲለካ ኖሯል። በ2014 ደግሞ በዳንግላ ወረዳ ገበሬዎች ከኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው አንድ የዝናብ መስፈሪያ፣ አምስት የጉድጓድ ውሃ መለኪያና በኪልቲና በብራንቴ ወንዞች ላይ ሁለት የከፍታ በትር ይዘው በየቀኑ መመዝገብ ጀመሩ። መዝገባቸው በሊቃውንት ሲመረመር ከመደበኛ ጣቢያዎች ልኬት የማያንስ ሆኖ ተገኘ። የኪልቲ ውሃ ወደ ግልገል ዓባይ፣ ከዚያም ወደ ጣና ይገባል። ስለዚህ የዳንግላ ገበሬ የዓባይን ራስ በገዛ እጁ ለክቷል ብንል ማጋነን አይሆንም። የሚያሳዝነው ግን የገበሬው ቁጥር መጽሔት ላይ የወጣው ገበሬው በማያነበው ቋንቋ መሆኑ ነው።

«የሚበላው ላጣ ሕዝብ ዝናብ መለካት ቅንጦት ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። ዝናቡ መቼ እንደጀመረ፣ ስንት ቀን እንደተቋረጠ የሚያውቅ መንደር ግን ረኃቡ በአዝመራ ጊዜ ሳይሆን በሰኔ ይታየዋል፤ ማስረጃ ይዞም ይጮኻል። በረኃብ ዘመን የሕዝቡን ጩኸት «ወሬ ነው» ብሎ መሸፈን የተቻለው ሕዝቡ ወረቀት ስላልያዘ ጭምር ነው። «ግድቡ ተሠርቷል፤ ከእንግዲህ ልኬት ለምን?» የሚልም አለ። ሕዝባችን ከኪሱ አዋጥቶ ከ2011 እስከ 2025 የሠራው የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። በድርቅ ዓመት ስንት እንደሚገባበት፣ ስንት ደለል እንደሚሞላበት የማናውቅ ከሆነ፣ ነገ በድርድር ጠረጴዛ ላይ እንደገና የሌላ ሰው ቁጥር ይነበብልናል።

ስለዚህ ምን ይደረግ? በየትምህርት ቤቱ አንድ የዝናብ መስፈሪያ ይተከል፤ ተማሪዎች ተራ ገብተው ዓመት ሙሉ፣ የዕረፍቱን ወራት ጭምር፣ ያንብቡት፤ ክረምቱ የሚዘንበው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነውና። ወንዝ ዳር የሚቆመው መዝጋቢ ለድካሙ የሚገባውን ያግኝ፤ በትሩን ጎርፍ ሲወስደው በሳምንቱ ይተካ። የተለካው ሁሉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በየአካባቢው ቋንቋ በገበያና በቀበሌ ይለጠፍ፤ በመሥሪያ ቤት ሣጥን አይቆለፍ። የኖርዌይ የሜትዎሮሎጂ ተቋም ከ2007 ጀምሮ መረጃውን ለማንም በነጻ ለቋል፤ በዚህም ያተረፈ እንጂ የከሰረ የለም።

እኛስ? በውጭ አገር ያለን ተማሪዎች ስለ ዓባይ በየስብሰባው የምንናገረውን ያህል ወንዝ ውስጥ ገብተን አናውቅም። በኦስሎ መካከል አኬርሴልቫ የሚባል ትንሽ ወንዝ ያልፋል፤ ዳሩ ላይ ስንት ጊዜ ተመላልሰናል! ከዚህ በኋላ ከእሱ ዳር ሆነን መለካትን እንማር፤ ወደ ቤተሰቦቻችንም ስንደውል «ደኅና ናችሁ ወይ» ካልን በኋላ «ትናንት ስንት ዘነበ?» ብለን እንጠይቅ። መስፈሪያ ከሌላቸው እንላክላቸው፤ ቁጥሩንም ሲነግሩን እንጻፈው። ያን ምሽት ያፈርንበት ጥያቄ በሚመጣው ዓመት ሲጠየቅ፣ ቢያንስ አንዳችን አሥራ ሁለት ወር የተሞላ ደብተር ገልጦ መልስ ይስጥ።